ሰቢል ወይስ ሰብል

«ቀስ! ቀስ በል አንተ! ድንጋይ የተሸከምክ መሰለህ እንዴ?»

ኤዶ አስሊ ከሚኒባሱ ሳይወርዱ፣ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ነበር የሚጮኹት። ረዳቱ ከጣሪያው ላይ በጭድ የተጠቀለሉ ሁለት የሸክላ እንስራዎች ያወርዳል። ከቡርኦ እስከ ሃርጌሳ ያን ሁሉ ኮረኮንች ችለው የመጡ እንስራዎች ናቸው፤ ኤዶ አስሊ ግን ከጣሪያው እስከ መሬት ያለችውን መንገድ አላመኗትም።

የአሥራ አራት ዓመቷ ሆዶ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። «ኤዶ» በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው። እኚህ የአባቷ እህት የቤቱም፣ የግቢውም፣ የቤተሰቡም አዛዥ ናቸው። ሰርግ ብለው ቡርኦ ከሄዱ ሳምንት አልፏቸዋል። ናፍቃቸው ነበር፤ እንስራዎቹን ስታይ ግን ደስታዋ ቀዝቀዝ አለ። ጄሪካን ሞልቶ በተረፈበት ቤት ሁለት እንስራ ለምን?

«ማሻአላህ!» አሉ ኤዶ አስሊ፣ አዲሱን ግንብ ከላይ እስከ ታች እያዩ።

በእርግጥም ያምራል። በጦርነቱ ፈርሶ የቆየው የመንገድ ዳር ግንብ ከራሱ ድንጋይ ተመልሶ ቆሟል። ግንበኛው ጋሽ የሱፍ ጥይት የበሳሳቸውን ድንጋዮች ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረው ስለደረደሯቸው፣ ከመንገድ የሚያየው ሰው አንድም ጠባሳ አያገኝበትም። ጎረቤታቸው ሐጂ ኤልሚም መቁጠሪያቸውን እንደያዙ መጥተው ግንቡን በመዳፋቸው ደባበሱት። የመስጊዱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ይህ ሥራ ካማረ የመስጊዱን የውዱእ መታጠቢያና ከፊቱ ያለውን ሜዳ እኚሁ ግንበኛ እንዲሠሩት ሐሳብ እንዳላቸው ማሕሙድ ሃይቤ የሚባለው ሰፈራቸው ሁሉ ያውቃል።

ኤዶ አስሊ አንዱን እንስራ አቅፈው ወደ ግንቡ ጥግ ሄዱ። እዚያ ደርሰው ቆሙ።

«ሰቢሉስ?» አሉ።

እንስራውን እንዳቀፉ ወደ መሬት አዩ።

«ሰቢሉ የታለ? ይሄ ምንድን ነው? የፍየል መቃብር?»

ከግንቡ ሥር፣ በመንገዱ በኩል፣ በድንጋይ የታጠረ ረጅም መደብ አለ። ከጉልበት በታች ነው። ውስጡ ቀይ አፈር ሞልቶበታል። ጋሽ የሱፍ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡና ፈገግ አሉ። ከባቲ ሃርጌሳ ከመጡ ገና አራተኛ ወራቸው ነው፤ ሶማሊኛቸው ከሰላምታና ከድንጋይ አያልፍም።

«ሆድዬ፣ በያቸው እስቲ፤ አፈሩን በወንፊት ነፍቼ ነው ያስገባሁት። ጠጠር የሚባል የለውም።»

«ምን ይላል?» አሉ ኤዶ አስሊ። «ሰቢል ነው ያልኩት! ሰቢል! በግንቡ ሆድ ውስጥ እንስራ የሚቀመጥበት! ውሃ! ለመንገደኛ! ይሄ ሰውዬ ምን ሰምቶ ነው አፈር የሞላልኝ?»

ሆዶ ያኔ ገባት። ሰቢል። ሰብል አይደለም። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። የአክስቷ ልጅ ኢስታሂል ከበሩ ላይ ሆና በጉጉት ታያታለች፤ ሐጂ ኤልሚም ያዩዋታል፤ ጋሽ የሱፍም ያዩዋታል። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ከመሀላቸው እሷ ብቻ ናት።

«አልገባውም ነበር፣ ኤዶ» አለች በሶማሊኛ። «እኔ ነግሬው ነበር። እሱ ነው ያልገባው።»

ወደ ጋሽ የሱፍ ዞረች። «ግንቡ አምሯል፤ እሱን ግን ሐሳባቸውን ለውጠዋል ነው የሚሉት» አለች በአማርኛ።

ጋሽ የሱፍ የኤዶ አስሊን አፍ አተኩረው እያዩ ነበር። ሐጂ ኤልሚ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የነገሩትን የማይሰማ ሰው ለመስጊድ አይሆንም» አሉ። «ሌላ እንፈልግ።»

«ምን አሉ?» ሲሉ ጋሽ የሱፍ ጠየቋት።

«ነገ እንነጋገራለን ነው የሚሉት» አለች ሆዶ።

እንግዲህ ይህች ልጅ ተንኮለኛ አይደለችም። ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

ጦርነቱ ሃርጌሳን ሲያፈርሳት ሆዶ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። በአባቷ ትከሻ ድንበር ተሻግራ ናዝሬት ገባች። ቤታቸው ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ነበር፤ አማርኛን የተማረችው ከሀዲዱ ዳር ልጆች ጋር አቧራ እየቃመች ነው። ቤት ውስጥ የምትሰማው ሶማሊኛ ደግሞ «ብዪ፣ ተኚ፣ በሩን ዝጊ» ከማለት ብዙም የማያልፍ የጓዳ ሶማሊኛ ነበር። የናዝሬት ልጆች ስሟን ሰምተው «ሆዳም» ይሏታል። ችላው አደገች።

ከዚያ አገር ሰላም ሆነና ተመለሱ። ሃርጌሳ በገቡ በሳምንቱ ኢስታሂል «ባቡር ይመጣል፤ ጅግጅጋ ያር ሰፈር ይዞን ይሄዳል» አለቻት። ሆዶ ደስ አላት። ግራ ቀኙን አየችና በሰው መሀል ጮክ ብላ «ሀዲዱ የታለ?» ብላ ጠየቀች።

በሶማሊኛ ባቡር ማለት መኪና ነው።

የዚያን ቀን ሳቅ እስከ ዛሬ አላበቃም። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ስትገባ ልጆቹ ክርናቸውን እንደ ባቡር ጎማ እያሽከረከሩ «ቱ… ቱ…» እያሉ ተቀበሏት። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሟ ባቡር ሆኖ ቀረ። እዚያ ሆዳም፣ እዚህ ባቡር። ከዚያ ወዲህ ሆዶ አንድ ነገር ለራሷ ወሰነች፤ የማታውቀው ቃል ሲገጥማት አትጠይቅም። ራሷን ትነቀንቅና ታልፋለች። ብዙ ጊዜም ያዋጣት ነበር።

ኤዶ አስሊ ቡርኦ በሄዱበት ጠዋትም ያደረገችው ይህንኑ ነው። አባቷ የጭነት መኪናውን ይዞ በርበራ ነበር፤ እናቷ ሳህራ ጨርቅ ልትሸጥ ገበያ ወጥታለች፤ ጋሽ የሱፍ ሲሚንቶ ሊያመጡ ሄደዋል። ሚኒባሱ ጥሩምባውን ያስጮኻል። ኤዶ አስሊ አንድ እግራቸውን አስገብተው ነበር ትእዛዝ የሚሰጡት።

«ለግንበኛው ንገሪው። በመንገዱ በኩል፣ ጥጉ ላይ፣ ሰቢል ይሥራልኝ። ሕፃንም የሚደርስበት ይሁን። ለእናቴ ነፍስ ነው፤ አደራ!»

ሆዶ «ሰብል» ብላ ሰማች። ሁለቱ ቋንቋዎች የሚጋሩት ቃል ብዙ ነው፤ ይሄም አንዱ መሰላት። ሕፃን የሚደርስበት ማለት ዝቅ ያለ ማለት ነው። ለነፍስ ደግሞ፣ የደረሰውን ድሃ ይወስደዋል ማለት ነው። ሲያስቡት ልክ ይመጣል።

ጋሽ የሱፍ ግን ሳቁ። «ሰብል? ፍየል በሚርመሰመስበት መንገድ ላይ? እስቲ በደንብ ጠይቂልኝ ሆድዬ።» በማግሥቱም ደግመው ጠየቋት። ሰፈሩ ስልክ ቤት አለው፤ ቡርኦ መደወል ይቻል ነበር። እሱም ቢቀር ኢስታሂል እዚያው ጥላ ሥር ተቀምጣ ጥፍሯን ሂና ትቀባ ነበር። «ሰቢል ምንድን ነው?» ብላ መጠየቅ ብቻ ነበር። የኢስታሂል ፈገግታ ታያትና ምላሷ ተሳሰረ።

«ጠይቄያቸዋለሁ» አለች ለጋሽ የሱፍ። «ልክ ነው ብለዋል።»

አልጠየቀቻቸውም።

እንስራዎቹ በመጡበት ቀን ማታ፣ ከመግሪብ ሰላት በኋላ፣ ኤዶ አስሊ በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ተቀመጡ። እንስራዎቹን እንደ እንግዳ አጠገባቸው አስቀምጠዋል። ቁጣቸው በርዶ አዝነው ነበር፤ ለሆዶ ደግሞ ከቁጣው ይልቅ ሐዘኑ ባሰባት።

«ግንብ ሁለት ፊት አለው» አሉ። «የውስጡ ፊት የባለቤቱ ነው። የውጪው የመንገደኛው ነው። እናቴ የውጪውን ፊት ባዶ አትተወውም ነበር። ያኔ ግንቡ ሲሠራ ግንበኛው አጠገብ ቆማ ‹ሆዱን ክፈተው› አለችው። ፀሐይ በማይደርስበት በኩል፣ ነፋስ እንስራውን እየዳሰሰ በሚያልፍበት። ከጎኑ ሸክም ማሳረፊያ ድንጋይ አስቀመጠችበት። ገበያ የምትሄድ ሴት ሸክሟን ሳታወርድ ደገፍ አድርጋ ትጠጣለች።»

«ውሃውስ ከየት ነበር?» አለች ሆዶ፣ ዝም ማለቱ ከብዷት።

«ከበርከዱ ነዋ!» ወደ ግቢው መሀል ጠቆሙ። በርከድ የሚሉት የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበትን፣ በድንጋይ የተገነባውን ጉድጓድ ነው። «ጣሪያው ዝናቡን ይሰበስባል፣ በርከዱ ያቆየዋል፣ ግንቡ ደግሞ ለሰው ይሰጠዋል። ቤት እንዲህ ነበር የሚሠራው። ሰፈሩ ሁሉ ‹ሰቢሉ ጋ እንገናኝ› ይል ነበር። የቁርኣን ቤት ልጆች እዚያ ናቸው። ሽማግሌ እዚያ ነው። የተኳረፉ ሰዎች ጣሳ ሲቀባበሉ ይታረቃሉ። ሌላ ምንም አልነበረም እኮ፤ ሁለት እንስራና አንድ ጣሳ። ያ ጥግ ግን አደባባይ ሆነ።»

የአንዱን እንስራ አንገት በመዳፋቸው ዳበሱ።

«ከተማው ሲደበደብ፣ ለመሸሽ ጓዛችንን ስንሸክፍ እናቴ የለችም። ብንፈልጋት እንስራዎቹን እየሞላች ነው። አበድሽ ወይ አልናት። ‹ከኋላችን የሚመጣ አለ› አለች። ሞልታ ነው የወጣችው። መንገድ ላይ ሞተች። እኔ ስመለስ ይህን ሰቢል ላቆምላት ነበር ስለት ያለብኝ።»

ኢስታሂል ጉንጯን በእጇ ደግፋ ታዳምጥ ነበር። «ያ ሰውዬ ግን የፍየል መቃብር አደረገው» አለች።

«አንቺስ» አሉ ኤዶ አስሊ ወደ ሆዶ ዞረው። ድምፃቸው ለስለስ ያለ ነው። «በደንብ ነግረሽው ነበር አይደል?»

«አዎ፣ ኤዶ።»

ውሸት ብቻዋን አትሄድም፤ ጓደኛ ትጠራለች። የሆዶ አምስተኛ መሆኗ ነበር፤ ከሁሉም ይቺ ከበደቻት። እራት ቀርቦ ሁለት ጉርሻ እንኳ አልወረደላትም። አያቷን አታስታውሳቸውም። ግን ጥይት እየጮኸ እንስራ የሚሞሉ ሴት ከዓይኗ አልጠፉ አሉ።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከሩቅ የመዶሻ ድምፅ ሰማች። ጋሽ የሱፍ ናቸው። አዲሱን ግንባቸውን በመሮ እየፈለፈሉ ድንጋይ ያወጣሉ። ጥጉ ላይ፣ ልክ ከመደቡ በላይ፣ ሁለት እንስራ የሚያህል ሆድ ከፍተዋል። አናቱ ላይ ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ አስተኝተው ጎኖቹን በሲሚንቶ እያለሰኑ ነው።

«ጋሽ የሱፍ፣ ማን አፍርሱ አለዎት?»

«ማንም አላለኝ።» መሮውን አስቀመጡና ላባቸውን ጠረጉ። «ሰቢል ነው ያሉት፤ አይደል?»

ሆዶ ደብተሮቿን ደረቷ ላይ ጠበቅ አደረገች።

«እኛ ባቲ ‹ፊ ሰቢሊላህ› እያልን ነው ያደግነው፤ ለአላህ ብለው የሚሰጡትን ሁሉ። ትናንት ከአፋቸው ስሰማው ነው የበራልኝ። ያኔውኑ አንዴ ከአፋቸው ብሰማው ኖሮ…» ሳቅ አሉ፤ በሳቃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «‹ጠይቄያቸዋለሁ› ስትዪኝም አልጠየቅሻቸውም ነበር። አይደል?»

«አልጠየቅኳቸውም» አለች ሆዶ፤ ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም። «ታዲያ ትናንት ለምን ዝም አሉ?»

«በምን ቋንቋ ልናገር? እዚህ አገር አፌ አንቺ ነሽ።»

ይህን ሲሉ ሊወቅሷት ፈልገው አልነበረም። ድንጋይ ከባድ ነው እንደማለት ነበር የተናገሩት። ሆዶ ግን የምትገባበት ጠፋት።

«ደግሞ ልጅ ነሽ» ሲሉ ቀጠሉ። «ባቡር፣ ባቡር እያሉ ሲያበሽቁሽ አያለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ሰቢሉን ግን ትቼ አልሄድም፤ ለእናታቸው ነፍስ ነው ብለሽኝ የለ።»

«ወዴት ይሄዳሉ?»

«የመስጊዱ ሥራ ቀረ አይደል? ፊታቸው ይናገር የለ እንዴ። ፈዲላን ጠዋት ነገርኳት። ጅግጅጋ ያር ያለውን ክፍል ለቀን ቶጎ ውጫሌ እንሞክራለን። ግንበኛ አንዴ ‹አይሰማም› ከተባለ እዚህ ከተማ ማን ድንጋይ ያስነሳዋል?»

ፈዲላ ባለቤታቸው ናት። ሆዶ ታውቃታለች። ክፍላቸው በር ላይ ሳምቡሳ እየጠበሰች ትሸጣለች፤ ሆዶን ባየቻት ቁጥር «የአገሬ ልጅ» ብላ አንዷን በወረቀት ጠቅልላ ትሰጣታለች። ሆዶ የፈዲላ አገር ልጅ አይደለችም። ግን ተቀብላ በልታለች።

ጋሽ የሱፍ ከጣሳ ውሃ አንስተው አዲሱን ልስን አረጠቡት። የተረፈው በግንቡ ላይ እየተንኳለለ ወርዶ መደቡ ውስጥ ገባ። አፈሩ ጭልጥ አድርጎ ጠጣው።

ሆዶ ዝም ብላ አየችው። ናዝሬት የሰፈሩ ቦኖ ትዝ አላት። ቧንቧው ሥር ሁልጊዜ ጭቃ ነበር፤ ሰልፍ የያዘ ሁሉ ከነባልዲው እየተንሸራተተ ይወድቅ ነበር፤ ዝንቡ ደግሞ አይወራም።

«ጋሽ የሱፍ፣ ጭቃ አልሆነም።»

«እ?»

«የሚንጠባጠበው። መደቡ ጠጣው።»

ጋሽ የሱፍ ዝቅ ብለው አዩ። ሌላ ጣሳ ደፉበት። እሱም ገባ። ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ሰቢሉ ሰብሉን ያጠጣዋላ! ወይ አንቺ ልጅ!»

ሆዶም ሳቀች። ቶሎ ደግሞ ሳቋ ጠፋ።

የከሰዓቱ የአስር ሰላት አልቆ ሰዎች ከመስጊድ ሲመለሱ ሐጂ ኤልሚ ግንቡ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ኤዶ አስሊም ድምፅ ሰምተው ወጡ። ኢስታሂል ከኋላቸው ነበረች። የተከፈተውን የግንብ ሆድ ሲያዩ ኤዶ አስሊ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ምንም ሳይናገሩ ተመልሰው ገቡና አንዱን እንስራ አቅፈው መጡ። አስገቡት። በልኩ ነው። ሁለተኛውን ኢስታሂል አመጣችው።

«አሁን ገና ገባው» አሉ ኤዶ አስሊ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ጥሩ ነው። ግን ዘገየ» አሉ ሐጂ ኤልሚ። «ለመስጊዱ ነገ ሌላ ግንበኛ ይመጣል።»

ጋሽ የሱፍ ዕቃቸውን በጆንያ መክተት ጀመሩ። ምን እንደተባለ ሆዶን አልጠየቋትም።

ሁሉም ነገር ቦታውን ይዞ ነበር። ሰቢሉ ቆሟል። ኤዶ አስሊ ደስ ብሏቸዋል። ኢስታሂል አትስቅም። ሆዶ ዝም ብትል ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል፤ የሚያውቅባት አንድ ሰው ነው፣ እሱም በሆዱ ይዞት ይሄዳል። ጆንያው ውስጥ መዶሻው ከመሮው ጋር ሲጋጭ ሰማች።

«ሐጂ» አለች።

«አቤት ልጄ።»

«ባቡር የምትባለውን ልጅ ያውቋታል?»

ሐጂ ኤልሚ ግራ ገባቸው። «ሰምቻለሁ መሰለኝ። መኪና መሳፈር ፈልጋ ሀዲድ የጠየቀችው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሆዶ። «ሰቢል የሚለውን ቃልም አላውቀውም ነበር። በአማርኛ ሰብል የሚባል አለ፤ የእርሻ ነው። ለግንበኛው ሰብል ሥራ ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ጠይቂልኝ ብሎኝ ነበር። ሳልጠይቅ ጠይቄያለሁ አልኩት። እሱ የነገሩትን ይሰማል፤ የነገርኩት እኔ ነኝ። ትናንትም አልገባውም ብዬ ዋሸሁ።»

ሶማሊኛዋ ተንገዳገደ፤ ግን አልወደቀም። ማንም ሳይናገር ወደ ጋሽ የሱፍ ዞረች። ያለችውን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር፣ በአማርኛ ነገረቻቸው። «ሌላ እንፈልግ» የተባለውንም ጨምራ። ጋሽ የሱፍ የጆንያውን አፍ እንደያዙ ቀሩ።

ኢስታሂል አፏን በሻሿ ሸፈነች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሆዶ አየቻትና ጠበቀች፤ ይምጣ አለች በሆዷ።

ኤዶ አስሊ ግን አልሳቁም።

«ቃሉን ስላላወቅሽው አይደለም የከፋኝ» አሉ። «ማታ ጠየቅኩሽ እኮ። ረጋ ብዬ፣ ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ ጠየቅኩሽ።»

«አዎ፣ ኤዶ። ይቅር ይበሉኝ።»

ኤዶ አስሊ ቶሎ ይቅር አላሉም፤ እንዲህ ያለ ነገር በሳቸው ቤት ቶሎ አያልቅም። ዝቅ ብለው መደቡን አዩት። አፈሩ የረጠበው ልክ ከእንስራዎቹ ሥር ነው። በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«እናቴ በጭቃው ስትናደድ ነበር የኖረችው» አሉ ቀስ ብለው። «አይፈርስም። ሽታው የሚያውደውን ሪሃን ትተክይበታለሽ። በእሾህ ታጥሪዋለሽ። ፍየል ከበላው በአንቺ ነው።»

«እሺ።»

ሐጂ ኤልሚ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ሰቢሉን ከጎን አዩት፤ ጠብታው የሚወርድበትን አዩ፤ መደቡን በእግራቸው ጫፍ ለኩት። ከዚያ ጆንያውን ወደያዙት ሰውዬ ዞረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እስቲ ጠይቂልኝ» አሉ ሆዶን። «የመስጊዱ የውዱእ ውሃ በየቀኑ መንገዱን ያጨቀየዋል። ሜዳው ላይ ደግሞ አንድ የዛፍ ጥላ የለም። ውዱእ የተደረገበትን ውሃ ሰብስቦ በቡላዓድ ወደ ዛፎች ሊወስድልን ይችላል ወይ በዪው።»

ሆዶ አፏን ከፈተች። «ጋሽ የሱፍ፣ ሐጂ የሚሉት…» ብላ ጀመረች።

ቡላዓድ። ናዝሬት ቡላ የሚባል ገንፎ አለ። ውሃውን በገንፎ ወደ ዛፍ? አይመስልም። ግን ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል፤ በግምት ቧንቧ ብትል ማን ያውቅባታል? ጋሽ የሱፍ ይጠብቃሉ። ሐጂ ይጠብቃሉ። ኢስታሂል ሻሿን ከአፏ አውርዳ እሷን እሷን ታያለች።

ሆዶ ተመልሳ ወደ ሐጂ ኤልሚ ዞረች።

«ሐጂ፣ አንዷን ቃል አላወቅኳትም» አለች። «ቡላዓድ ምንድን ነው?»